የሚያስገባ ይቀምሳል

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፉኝ ዓይኔ ጨለማውን ገና አልለመደም ነበር፤ አፍንጫዬ ግን ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ለየው። የከረመ የሩዝ ገለባ። የአይጥ ሽንት። የሰው ላብ። በጥግ በኩል ደግሞ ክዳን የሌለው ባልዲ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተደፋ።

ቤቱ ለእስረኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ የእህል መጋዘን ነበር። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ቤቶቹ አልቀው የሩዙ ማሳ የሚጀምርበት ላይ ነው። እስረኛ ሲበዛ ማቆያ አደረጉት። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መሐሉ በሸራ ተከፍሎ ወንዶቹ በዚያ እኛ በዚህ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ሩዝ ልናስፈለፍል ስንመጣ ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ። ሩዝ አብልቶ ያሳደገኝ አገር መልሶ ሩዝ መጋዘን ውስጥ ዘጋብኝ።

እኔ አፍንጫዬ ክፉ ነው። ይህ በዘመድ አዝማድ የታወቀ ነው። ወተት መጎምዘዝ ሲጀምር ሳልቀምስ አውቃለሁ። ሌላ ሰው በጠጣበት ጣሳ አልጠጣም፤ የሰው እጅ የነካውን ጉርሻ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውጠው። እናቴ «ይቺን ልጅ ፎገራ ላይ ምን አመጣት?» እያለች ትስቅብኛለች፤ ክረምት ሙሉ በጭቃና በከብት እበት መሐል የሚኖር ሰው እንዲህ ሊሆን አይገባም ነበር። እንግዲህ ያን አፍንጫ ይዤ ነው ባልዲው አጠገብ የተቀመጥሁት። ሌላ ቦታ አልነበረማ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በምማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን አልጠራም፣ የተማሪዎች ጋዜጣ ነበረን። ስምንት ገጽ፣ በስቴፕለር የተያዘ። ለብዙ ጊዜ የሚያነበው አልነበረም፤ ግማሹ የፍቅር ግጥም፣ ግማሹ የዶርም እግር ኳስ ነው። ሁለት ደንብ ግን ነበረን፣ በእነሱም እንኮራ ነበር። አንደኛው፣ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋውና በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቱን እያሳረፈ «ይህን ከምን አወቅነው?» ይላል። መልስ የሌለው ዐረፍተ ነገር ይሰረዛል። ሁለተኛው፣ የተሳሳትነውን ሁሉ በሚቀጥለው እትም ፊት ገጽ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ «እርማት» ብለን እናወጣለን። አንድ ጊዜ በረኛውን አጥቂ ብለን ጽፈን ፊት ገጽ ላይ ይቅርታ ጠየቅን። ግቢው ሁሉ ሳቀብን፤ ይሳቁ ብለን ተውናቸው።

ከዚያ ተማሪ መታመም ጀመረ። ምግብ አዳራሹ ሩዝ ባቀረበ ማግስት የክሊኒኩ ደጅ ሆዱን በያዘ ልጅ ይሞላል። እኔም በልቻለሁ፣ እኔም ታምሜያለሁ። ወጡ በበርበሬ ስለሚያቃጥል የሩዙ ሽታ አይለይም ነበር። ይህን አፍንጫ ተሸክሜ እንዴት እንደበላሁት ሳስበው እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

አንድ ቀን የምግብ አዳራሹ መጋዘን እህል ሲራገፍ ክፍት ሆኖ አገኘሁትና ጠጋ ብዬ አየሁ። የሩዝ ማዳበሪያዎች እስከ ጣራ ተደርድረዋል። አፋቸው በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። በሁለቱም ጫፍ ለመያዣ የሚሆን ጆሮ አላቸው።

ያንን ስፌት አውቀዋለሁ። የእናቴ ነው።

በእኛ ቤት ለሰው የሚሸጥ ሩዝ ማዳበሪያው በነጭ ክር ይሰፋል፤ ለከብት መኖ የሚሸጠው በአረንጓዴ። አረንጓዴው ክር ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምደው አጎቴ ከመረቡ የሚያተርፈው ነው። እናቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም፤ ክሩ ነው ጽሕፈቷ። በዚያ ዓመት አጨዳው አልቆ፣ የአባቴ ክምር ሜዳ ላይ እንዳለ ያለጊዜው ዝናብ መጣበት። ክምሩ ከውስጡ ሞቆ በሰበሰ። አባቴ ተስፋ ላለመቁረጥ አስፓልት ዳር አሰጣው፣ አስፈለፈለው፤ ከመፈልፈያው ሲወጣ ግን ቢጫ ሆኗል፣ የረጠበ ውሻ ይሸታል። እናቴ በአረንጓዴ ክር ሰፋችው። ነጋዴው «ለሚያደልቡ ሰዎች ነው» ብሎ ጭኖት ሄደ። እንግዲህ የደለብነው እኛ ነን።

ጻፍሁት። ሩዙ ለከብት የተሸጠ፣ ዝናብ የበላው መሆኑን በግልጽ ጻፍሁ። አዘጋጁ ጣቱን አሳርፎ «ይህን ከምን አወቅነው?» ሲለኝ ግን «ከታማኝ ምንጭ» አልሁት። ትንሽ አየኝና ጣቱን አነሳ፤ እሱም ሆዱን ይዞ ከርሞ ነበር። ጽሑፉም ላይ «ታማኝ ምንጭ» ተብሎ ገባ። እንዴት ብዬ ልንገረው? አገራችን ውስጥ ጥፋተኛ ሲፈለግ ፍለጋው ከላይ አይጀመርም። ነጋዴው ዘመድ አለው፣ ግዢ ክፍሉ ዘመድ አለው። አባቴ ያለው ሁለት በሬ ነው። ለአባቴም ለእናቴም አልነገርኋቸውም፤ ልጃቸው የበላችው የእነሱን ብስባሽ መሆኑን ቢሰሙ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ።

ከእትሙ በፊት ተማሪው ሳህን ገልብጦ አንበላም አለ፣ ግቢው ተዘጋ፣ ወደየቤታችን ተበተንን። የግቢው ማተሚያም ለእኛ ተከለከለ። እኔ ዋናውን ቅጂ በደረቴ ይዤ ወረታ ገባሁ፤ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድሁት። ባለ ሱቋ ሴት አርባዎቹን የጀመረች ሙስሊም ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። የትምህርት ቤት ማስታወሻዬን ሁሉ ያባዛችልኝ እሷ ናት። ሲይዙን ማሽኑ ገና ገጽ ሦስትን ይተፋ ነበር። የመንግሥት ሰዎች ነን ያሉ ሁለት ሰዎች ክንዴን ሲይዙኝ እትዬ «ቆይ፣ ማሽኑን ላጥፋው፣ ይሞቅብኛል» አለች። «አንቺም ነይ» አሏት። መጥታ ከኔ ጋር ገባች። ሦስት ልጆች አሏት።

ሞት ይርሳኝ፣ የደጁን ደንብ ሳልነግራችሁ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። መጋዘኑ መጋዘን በነበረ ጊዜም ዘበኛው እሳቸው ነበሩ። ያኔ የሚገባውን ማዳበሪያ ሁሉ በብረት ወግተው እህሉን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ያዩት ነበር። እስረኛ ማቆያ ሲሆን ሥራቸውን አልቀየሩም። ቤተሰብ ምግብ ሲያመጣ መጀመሪያ ያመጣው ሰው ፊታቸው ይቀምሳል፤ መርዝ እንዳይገባ ነው ይላሉ። ከዚያ ምግቡን በብስክሌት ሽቦ ይወጉታል፤ ደብዳቤ እንዳይገባ ነው። አንድ ሽቦ ነው ያላቸው። የሁሉንም ሰው ወጥ በእሱ ይወጉበትና ሱሪያቸው ላይ ይጠርጉታል። ያ ሱሪ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

«የሚያስገባ ይቀምሳል፣ የሚገባ ይወጋል» ይላሉ በቀን ሃያ ጊዜ።

እናቴ በየቀኑ ትመጣለች። ከሠፈራችን እስከ አስፓልቱ በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ። ሩዝና ጤፍ የተቀላቀለበት እንጀራ በሽሮ፣ ጎኑ ላይ ቃሪያ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አያታለሁ፤ ታጠቀልላለች፣ ትጎርሳለች፣ አፏን ከፍታ ታሳያቸዋለች። ያቺ ኩሩ ሴት ለሰው አፏን ከፍታ ታሳያለች። ከዚያ ሽቦው ይገባል። ምግቡ እኔ ጋ ሲደርስ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድልሽ ይለኛል። ሽቦው፣ ሱሪው፣ ባልዲው፣ ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ለእትዬ እሰጣታለሁ።

«ሽሮ ሃይማኖት የለውም» ብላ ትበላዋለች። ከዚያ ትቆጣኛለች፦ «እናትሽ ይህን ሁሉ መንገድ የምትመጣው እኔን ልታደልብ ነው? ኤዲያ! አፍንጫሽን ዝጊና ብዪ።»

እኔ ግን ዳቦ ከመጣ ሽቦ ያልደረሰበትን ዳር እየቆረስሁ ነው የሰነበትሁት። እናቴ ባዶውን ሳህን ስትቀበል «እሰይ፣ ጨረሰች» ትላለች። እሰማታለሁ።

መርማሪው ወጣት ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም። ድሮ ሚዛኑ ይቆም በነበረበት ዳስ ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ይጠብቀኛል። ስቴኪኒ ከጥርሱ አይጠፋም፤ ጎርጉሮ ያወጣውን ያየዋል፣ መልሶ ይበላዋል። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ይህን አያለሁ። ጥያቄው አንድ ነው።

«ታማኝ ምንጭ ያልሽው ማን ነው?»

ዝም።

«ማን ላከሽ? የውጭ ሰው ነው?»

ዝም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ የእኛ ሰዎች። እውነት ይመስለኝ ነበር። ስድስት ቀን በእህል ቤት ተቀምጬ ሳስበው ግን ዝምታም እንደ እህሉ ነው፤ በጣም ሲከርም ከውስጡ ይጀምረዋል። እናቴ በደጅ አፏን እየከፈተች፣ እትዬ በእኔ ጦስ ከልጆቿ ተለይታ፣ እኔ ደግሞ የማውቀውን ይዤ። አንዳንዴ የሚሸተኝ ባልዲው ይሁን እኔ ራሴ አልለይም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ነጭ ፒካፕ ገባ። ከዩኒቨርሲቲው ነው። የወረደው ሰው የምግብ አዳራሹ የበላይ ኃላፊ ነው፤ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ሽቶው ከመኪናው ቀድሞ የሚወርድ። ሹፌሩ ከኋላ ክዳን ያለው ድስትና አንድ ያልተከፈተ ማዳበሪያ አውርዶ ዳሱ ሥር አቆመ። በቀዳዳው አየሁት። አረንጓዴ ክር። ሁለት ጆሮ።

የሚፈረም ወረቀት እንደመጣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ደርሷል። ከፈረምሁ እኔና እትዬ ያንኑ ቀን እንደምንወጣ። እትዬ አጠገቤ መጥታ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

«አልዋሽሽም» አለችኝ። «ፈርሚ። ትንሿ ልጄ ያለ እኔ አትተኛም። ጀግና ነኝ አላልሁም፤ እኔ ኮፒ ነው ያደረግሁት።»

«እትዬ፣ እውነት ነው'ኮ የጻፍሁት።»

«እውነት መሆኑንማ አውቃለሁ። ውሸት ቢሆን እዚህ ምን እንሠራለን?»

ስሜ ተጠራና ወጣሁ።

ዳሱ ሥር ስደርስ ደጁ በኩል እናቴን አየኋት። ገና መድረሷ ነው፤ ቀምሳ፣ ሽቦው ገብቶላት፣ ሳህኗን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ማዳበሪያውን እንዳታየው ብዬ በመሐል ቆምሁ። የኔ ነገር፣ አንድ ቀጭን ሴት አንድ ማዳበሪያ በቀሚሷ ልትሸፍን።

«አንቺ ነሽ?» አለ ኃላፊው። «እንደ ልጄ ነው የማይሽ።»

እንደ ልጄ ነው የማይሽ የሚለኝን ሰው እፈራለሁ።

«ይሄ ያው ስሙን ያጠፋችሁት ሩዝ ነው። ዛሬ ነው የተቀቀለው። አንድ ማንኪያ ትቀምሻለሽ፣ ሹፌሩ ፎቶ ያነሳሻል፣ ይቺን ትፈርሚያለሽ። በቃ፣ ወደ ቤትሽ። ባለ ሱቋም ከአንቺ ጋር።»

ወረቀቱን አነበብሁት። «በበሬ ወለደ ወሬ ተታልዬ» ይላል። «ሩዙ ንጹሕና ለጤና ተስማሚ መሆኑን በዓይኔ አይቼ፣ በአፌ ቀምሼ» ይላል። ልማድ ሆኖብኝ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቴን አሳረፍሁ። ይህን ከምን አወቅነው? ይህንንስ? አንድም የሚተርፍ አልነበረም። የድስቱ ክዳን ሲነሳ ያ ሽታ መጣ፤ በርበሬ የሌለበት፣ ራቁቱን። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሸቶኛል። እንደዚያ ወረቀትና እንደዚያ ድስት አንድ ላይ የሸተተኝ ግን የለም።

ማንኪያውን ዘረጋልኝ። ሹፌሩ ስልኩን አነሳ። እትዬ በቆርቆሮው ቀዳዳ እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

«እዚህ ቤት ደንብ አለ» አልሁ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። «የሚያስገባ ይቀምሳል። እናቴ ስድስት ቀን ቀምሳለች።»

ኃላፊው ሳቀ። መርማሪው ስቴኪኒውን ከአፉ አወጣ። ሽማግሌው ዘበኛ ግን የሰሙት ቀልድ አልነበረም። ሽቦአቸውን ይዘው ከደጁ እየተጎተቱ መጡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «መኪናዋም ስትገባ ልወጋ ብል ሹፌሩ ነድቶብኝ አለፈ። የሚገባ ይወጋል።» ማንም ሳይከለክላቸው ሽቦውን ማዳበሪያው ውስጥ ሰደዱት፤ አርባ ዓመት ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው። አውጥተው ቀዳዳውን በጣታቸው ሰፋ አደረጉት፤ ሩዙ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ። ቢጫ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ፊታቸውን አዞሩ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ይቅመሱ እንግዲህ» አሉት በትሕትና።

«ይቅመሱና እንጨርስ» አለ መርማሪውም። ጠዋት ሙሉ ስላደከመው ይመስለኛል።

ኃላፊው ማንኪያውን ከድስቱ ሞላ። አነሳው። እስከ ከንፈሩ አደረሰው። ሽቶ የሚቀባ ሰውም አፍንጫ አለው ለካ። ማንኪያውን መልሶ ድስቱ ውስጥ አስቀመጠው።

«ጨጓራ አለብኝ» አለ። «ሐኪም ሩዝ ከልክሎኛል።»

ያኔ ከደጁ በኩል ድምፅ መጣ።

«እኔ ልቅመስላቸው።»

እናቴ ሁሉም ሰው የኃላፊውን ማንኪያ ሲያይ ተነስታ ገብታለች። ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ ድስቱ አልሄደችም። በእኔ አጠገብ አለፈችና ማዳበሪያው ፊት ቁጢጥ አለች። አንዱን ጆሮ ያዘችው። ክሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ዘበኛው መሬት ላይ ካፈሰሱት ላይ ጥቂት ፍሬ አንስታ አሸተተች።

«ይሄ የእኔ ስፌት ነው» አለች።

እሷ ወደ እነሱ አላየችም። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«አንቺም ከዚህ በላሽ?»

ስድስት ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ ነው የፈራሁት፤ የመርማሪውን አልነበረም።

«በላሁ፣ እማ።»

«ታመምሽ?»

«ታመምሁ።»

ቁና ቁና ተነፈሰች። ከዚያ «እንትፍ!» አለች፣ ማዳበሪያው ላይ። ብድግ ብላ መርማሪው ፊት ቆመች።

«በል ጻፍ፣ ልጄ። ባሌ ነው ያመረተው፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ዝናብ በልቶት ለከብት ነው የሸጥነው። ሰው ሊበላው ነው ብንባል ርብ ወንዝ ውስጥ እንደፋው ነበር። የገዛንንም ሰው ስሙን እነግርሃለሁ። ጻፍ እንጂ!»

ስድስት ቀን «ምንጭሽን ተናገሪ» ሲለኝ የከረመ ሰው ምንጯ በገዛ እግሯ መጥታ ፊቱ ስትቆምለት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የብዕሩን ክዳን ገጠመው።

«ይሂዱ፣ እናቴ» አላት። «ምሳ አድርሰዋል፤ ይሂዱ።»

«አልጽፍም ነው የምትለኝ?»

«ይሂዱ አልሁ።»

እናቴ ቆማ አየችው። እኔን ስታየኝ ሁሌ የምትስቅብኝ ሴት፣ ያን ዕለት እኔ ባልዲውን በማይበት ዓይን አየችው። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደጁ ሄደች።

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «እንግዲህ?» አለ።

የእናቴን ሳህን ወደ ራሴ ሳብሁ። ሽቦው የገባበት ቀዳዳ መሐሉ ላይ ይታያል፤ በዳሩ ደግሞ እናቴ የቆረሰችበት። እጄን አልታጠብሁም፣ ውሃም አልነበረም። ከቆረሰችበት ጀመርሁ። ሽሮው ቀዝቅዟል። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ሽቦው የወጋውንም ጠቅልዬ። እነሱ ቆመው አዩኝ። ፎቶ ያነሳ የለም። አንድም ሳላስተርፍ ጨረስሁ፣ ቃሪያውንም። ከዚያ ሳህኑን አንስቼ ለዘበኛው ሰጠኋቸው።

«ለእናቴ ይስጡልኝ፤ ዛሬ የበላሁት እኔ ነኝ ይበሏት» አልኋቸው።

ኃላፊው ድስቱንም ማዳበሪያውንም አስጭኖ ሄደ። ያልፈረምሁትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እትዬ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ሽሮው ናፈቀኝ፣ አንቺ ስስታም፣ ሁሉንም ጨረስሽው» አለችኝና ታረቅን። በዚያው ሳምንት ለቀቋት። እኔን ለመልቀቅ ሌላ ብዙ ቀን ፈጀባቸው፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። በወጣሁ በማግስቱ እትዬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዛኝ ሄደች፤ ከጠዋት እስከ ቀትር እዚያ ተዘፍዝፈን ዋልን። ቆዳችን ተልጦ ሊያልቅ ደረሰ። «ለቀቀሽ?» ትለኛለች። «ባልዲው ለቀቀኝ» እላታለሁ። ወረቀቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ አፌ ውኃ ይሞላል፣ ልክ ሊያስመልስ ሲል እንደሚሞላው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ እንጃ። እኔ ያየሁት እያደር ሲገማ ነው። ዩኒቨርሲቲው አልመለሰኝም። ኃላፊው ሌላ ወንበር ላይ ነው፣ ጨጓራውንም እንዳልታከመ እገምታለሁ። ማንም ወደ አባቴ ደጅ አልመጣም፣ ነጋዴውንም የጠየቀው የለም፤ እናቴ ያለችውን የጻፈ ሰው ስለሌለ አልተባለም ማለት ነው። አባቴ ስለዚያ ሩዝ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረም። በተፈታሁ ቀን ግን የመጣልኝን ሳህን ከሁሉ በፊት እሱ ቀመሰልኝ፤ የጠየቀው ሳይኖር።

አሁን እትዬ ሱቅ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ከይፋግ፣ ከማዶ ማዶ ይመጣሉ። ቁጭ ብለው ሲያጽፉኝ በየዐረፍተ ነገሩ እያቆምሁ «ይህን ከምን አወቅኸው፣ ጋሼ?» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። እትዬ ከማሽኑ ኋላ ሆና ትስቃለች። እናቴ ደግሞ አረንጓዴ ክር መግዛትም መቀበልም ትታለች። ዝናብ የበላው ሩዝ ሲኖር ጉድጓድ አስቆፍራ ታስቀብረዋለች፤ ጎረቤት እብድ ይላታል።

ጋዜጣችን ከዚያ ወዲህ አልታተመም። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው እርማት ሳይወጣ ቆይቷል። ደንቡ ፊት ገጽ ላይ ነበር፤ ፊት ገጽ ስለሌለኝ እዚህ አወጣዋለሁ።

እርማት፦ ታትሞ ባላለቀው በመጨረሻው እትማችን ስለ ምግብ አዳራሹ ሩዝ በጻፍሁት ላይ «ታማኝ ምንጭ» ያልሁት ስሕተት ነው። ሩዙ የአባቴ ነው። ምንጩ እናቴ ናት፤ በአረንጓዴ ክር የሰፋችው እሷ ናት፣ ጻፉልኝ ብላ ቆማ የጻፈላት አልነበረም። ይኸው፣ እማ፣ ተጻፈ።